«ላክሁ» እና «ደረሰኝ»

በትዕዛዝ መስመር የሚሠራውን «ኤንኤንቲፒሴንድ» የተባለ ስክሪፕት የምወደው ለትዕግሥቱ ነው። የዜና ቡድን ጽሑፎችን ወደ ሩቅ ሰርቨር ሲልክ መጀመሪያ «ይቺ ጽሑፍ አለችህ?» ብሎ ይጠይቃል። አለችኝ ከተባለ ያልፋታል። የለችኝም ከተባለ ይልካታል፤ «ደረሰኝ» እስኪባል ግን ከወረፋው አያወጣትም። መስመር ከተቋረጠ የቀሩትን ለሚቀጥለው ዙር ያቆያል።

በ1990ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) አዲስ አበባ፣ በአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ሥር የነበረው ፓዲስም፣ በሌላ ፕሮግራም ቢሆንም፣ መልእክት እያጠራቀመ በስልክ መስመር ይልክ ነበር።

እኛ ሐርላ ዛሬም ኔትወርክ ይሄዳል፣ ይመጣል። እናቴ ጅዳ ላለው ወንድሜ ድምፅ ትቀዳና «ደረሰው?» ትለኛለች። «ልኬዋለሁ» ስላት አትረካም። እውነቷን ነው፤ መላክ የኔ ነው፣ «ደረሰኝ» ማለት ግን የሱ።