ለጎረቤት አፍንጫ

ሽቶ የተቀባ ሰው ከሁሉም ቀድሞ ሽታውን የሚያጣው ራሱ ነው። አፍንጫ ቶሎ ይሰለቻል። አዲስ ነገር ሲመጣ ብድግ ይላል፤ ያው ነገር ከቀጠለ ግን አውቄዋለሁ ብሎ ይተኛል። ባለሽቶው የሚመስለው ሽቶው የጠፋ ነው እንጂ አፍንጫው የተኛ አይደለም። ስለዚህ ይጨምራል። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ይጨምራል። ሚኒባስ ውስጥ ተሳፋሪውን ሁሉ «ኧረ መስኮት ክፈቱ» የሚያሰኘው ሰው ክፋት ኖሮበት አይደለም፤ ለገዛ አፍንጫው ብሎ ስለሚቀባ ነው።

ይህ ነገር በደንብ የገባቸውን ሰዎች ያየሁት ደጋን ነው። ደጋን ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች፣ በወሎ የቃሉ ወረዳ ከተማ ናት። መንገዱ ያው የድሮው የአሰብ መንገድ ነው፤ ባቲን አልፎ ወደ ሚሌ ይወርዳል። ጁምዓ ቀን ከሰላቱ በፊት መስጊድ በር ላይ የቆመ ሰው የሚያየው ነገር አለ። አንዱ ከኪሱ ጣት የማታክል ብልቃጥ ያወጣል። ክዳኗን ፈቶ እጁን በዘረጋለት ሰው መዳፍ ጀርባ ላይ ነካ ያደርግና ወደሚቀጥለው ያልፋል። ተቀባዩ ሁለቱን እጆቹን እርስ በርስ ያሻሻል፣ ጺሙንና የልብሱን አንገትጌ ይዳብሳል፣ «ጀዛከላህ ኸይር» ብሎ ይገባል። ሰጪውን ማወቅ አያስፈልግም። የሽቶውን ስም የሚጠይቅም የለም። ነብዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ሽቶ ሲሰጣቸው አይመልሱም ነበር የሚለውን ሐዲስ ትንሹም ትልቁም ስለሚያውቀው፣ «እኔ ይኼ አይስማማኝም» የሚል ሰው እስካሁን አላየሁም። ሶፉ ሲቆም ረድፉ ሙሉ አንድ ዓይነት ይሸታል።

የሽቶ ማስታወቂያ የሚነግረን ደግሞ የዚህን ግልባጭ ነው። ማንነትህን የሚገልጽ፣ ላንተ ብቻ የተቀመመ፣ ከሌላው የሚለይህ ይለናል። ደጋን ላይ ከሌላው መለየት የፈለገ ሰው ካለ ሽቶ ሳይቀባ ቢመጣ ይቀለዋል።

መቼም አገሩ ወሎ ነውና የክርስቲያኑን ቤት ዘልዬ አላልፍም። ወንዱ በ40 ሴቷ በ80 ቀን ክርስትና ሲነሱ ካህኑ ሜሮን ይቀባቸዋል። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 30 የቅብዓ ቅዱሱ ቅመም ከነሚዛኑ ተቆጥሮ ተቀምጧል፤ ከርቤ አለበት፣ ቀረፋ አለበት፣ ጠጅ ሣር አለበት፣ ሁሉም በወይራ ዘይት ይቀመማል። ሜሮን ራሱን በራሱ የሚቀባ ሰው የለም። ሌላ ሰው ነው የሚቀባህ። እና እዚያው ወሎ፣ ሁለቱም ቅባት ካረፈበት ቤተሰብ የተወለደ ሰው መፈለግ ብዙ አያደክምም።

ይህን ሁሉ እያወቅሁ ሽቶ ብቻዬን ልሞክር ተነሣሁ። የደጋኑ መስጊድ አካባቢ አንድ ወጣት በመስተዋት ሣጥን ይነግዳል። ከታች መቁጠሪያ፣ መፋቂያ፣ ሂናና ኮፊያ፣ ከላይ የቅባት ሽቶ። ትልልቆቹ ጠርሙሶች ላይ የዐረብኛ ጽሑፍ ተለጥፏል። ገዢ ሲመጣ መርፌው በተነቀለ ስሪንጅ ከትልቁ ይስብና ወደ ትንሿ ብልቃጥ ይጨምራል። የመጨረሻዋን ጠብታ አያባክናትም፤ የስሪንጁን ጫፍ በራሱ አንጓ ላይ ይጠርጋታል። ማታ ቤቱ ሲገባ ቀኑን ሙሉ የሸጠውን ሁሉ እንደሚሸት አስቡት።

«ስንት ሚሊ ልቅዳሎት ጋሼ?»

«መጀመሪያ ልሞክረው እንጂ።»

«አብሽሩ፤ እጅዎን ይስጡኝ።»

ነጭ ሚስክ ነው ብሎ ግራ እጄ ላይ ነካ አደረገው። አሸተትሁ። ምንም የለም። ደግሜ አሸተትሁ፤ ዘይት ነው። ልጁ በመገረም አየኝና እጄን ስቦ ራሱ አሸተተ። «ይኼማ ኃይለኛው ነው!» አለ። አጠገባችን ቆመው ኮፊያ ይለኩ የነበሩ አዛውንት ሳይጠየቁ ጎንበስ ብለው ሳቡና «ማሻአላህ» አሉ። የሚሸተው የእኔ እጅ፣ የማይሸተኝ እኔ!

ነገሩ ጉዳዩን ለሚያውቁ ሰዎች እንግዳ አይደለም። ድሮ ሚስክ የሚባለው በሂማላያና በሳይቤሪያ ተራሮች ከሚኖር ትንሽ አጋዘን መሰል እንስሳ ወንዱ ላይ ከሚገኝ ከረጢት የሚወጣ ነበር። አሁን በየብልቃጡ ያለው ግን የኬሚስት ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1888 አልበርት ባውር የተባለ ጀርመናዊ ፈንጂ ሊያሻሽል ሲጥር ያልፈነዳ ነገር ግን ሚስክ ሚስክ የሚል ነገር አገኘ። ከዚያ ወዲህ ዓይነቱ በዛ። ጋላክሶላይድ የሚባለው ለምሳሌ ጨርቅ ላይ ሙጭጭ ስለሚል የልብስ ሳሙና ውስጥ ይገባል፤ ሰው ነጭ ሚስክን «የታጠበ ልብስ ይሸታል» የሚለው ለዚህ ነው። ከእነዚህ ሚስኮች አንዱን ወይም ሌላውን ጨርሶ የማያሸቱ ሰዎች ደግሞ ጥቂት አይደሉም። አፍንጫቸው ጤነኛ ነው፣ ቡናውንም እጣኑንም ይለያሉ፤ ለዚያ አንድ ነገር ብቻ በር የላቸውም። እኔም ከእነሱ ወገን ሆኜ ተገኘሁ። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ግራ እጄን ያሸተተው ሰው ሁሉ ደስ የሚል ነገር ሸትቶት ነበር፤ እኔ የሰማሁት ወሬውን ነው።

ቀጥሎ የሞከርሁትን ጽጌረዳ ቶሎ ልለፈው። ስኳር ይበዛበታል፤ ሲጀምር ያበቃል፤ የሠርግ ቤት ከሆነ ይሁን። ሰንደሉ ጨዋ ነው። ሲቀቡት አይጮኽም፣ ማታ ላይም አይከዳም። ስለ ጨዋ ደግሞ ብዙ የሚወራ የለም።

ወሬ ያለው ዑድ ላይ ነው። ልጁ ጠርሙሱን ከጀርባ ነው ያወጣው። ቀኝ እጄ ላይ እንዳረፈ የመጣብኝ ያልደረቀ ቆዳና የጋጣ ሽታ ነው፤ እጄን ከፊቴ አራቅሁ። «ቆዩ ጋሼ፣ አሁን አይፍረዱ» አለኝ። ቆየሁ። ጋጣው ወጣና ጭስ ገባ። ጭሱ ሲሳሳ ከሥሩ እንጨት አለ፣ እንጨቱ ውስጥ ደግሞ ጥቁር ማር የመሰለ ነገር። ዑድ ዛፍ ነው፤ ከአሳም እስከ ኢንዶኔዥያ ባለው አገር ይበቅላል። ጤነኛው ዛፍ ምንም አይሸትም፤ ተራ ነጭ እንጨት ነው። ሲቆስልና በቁስሉ ሻጋታ ሲገባበት ግን ራሱን ለማዳን ጥቁር ሙጫ ያመነጫል። ያ ሙጫ ነው ዋጋው በዓለም ላይ ከወርቅ ጋር የሚወዳደረው። ዛፉ እየተመነጠረ ስላለቀ እ.ኤ.አ. በ2004 ዝርያው በሙሉ የዱር እንስሳትና ዕፀዋት ንግድን በሚቆጣጠረው በሳይተስ ስምምነት ሥር እንዲገባ ተወስኗል። እንግዲህ ደጋን ላይ በስሪንጅ የሚቀዳው እውነተኛው ይሆን? ልጁ አልዋሸኝም። «ኦሪጅናሉ እኛ ጋ አይመጣም፤ ቢመጣስ ማን ይገዛዋል?» አለና ሳቀ።

ከሱቁ ፊት ለፊት ቡና የሚያፈሉ እናት አሉ። ከእጣኑ ጢስ ሥር ልቀመጥ ስል ገና ደጃፉ ላይ ሳለሁ አስቆሙኝ።

«አንተ፣ ያን ነገር ቀብተህ አጠገቤ አትቀመጥ፤ እጣኔን ይሻማብኛል!»

«ሽቶ እኮ ነው እማማ።»

«ሽቶማ ሳይታጠኑ ነው እንዴ የሚቀቡት? ያልታጠነ ገላ ላይ ቅባት ቢደፉት ምን ይይዘዋል?»

እኚህ ሴት የተናገሩት ትልቅ ሙያ ነው። የወሎ ሴት ወይባ ትሞቃለች። የጢሱ ጉድጓድ ላይ ተቀምጣ፣ ብርድ ልብሷን እስከ አንገቷ ተከናንባ፣ የወይባው እንጨት ጢስ ገላዋን ወዝ እስኪያወጣውና ቢጫ እስኪያለብሰው ድረስ። ቅባቱ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ ጢሱ ሥር ይሆነዋል። የባሕረ ሰላጤ ዐረቦችም ልብሳቸውን ቡኹር አጢሰው ሲያበቁ ነው በላዩ ቅባት የሚያክሉት። ይህ ጥበብ ከየትኛው ወደየትኛው ተሻገረ ብዬ አልከራከርም። ከቃሉና ከአካባቢው ስንት ሴት ለቤት ሠራተኝነት ጅዳና ሪያድ እንደተመላለሰች ለሚያውቅ፣ ዕውቀቱ በሁለቱም በኩል እንደሚጓዝ ግልጽ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 መጨረሻ ሳዑዲ ዐረቢያ በጥቂት ወራት ውስጥ ወደ 160 ሺህ ኢትዮጵያውያንን ስትመልስ፣ ሻንጣ ለመያዝ ጊዜ ያገኙት ይዘው ከመጡት ነገር አንዱ ሽቶ ነበር። ቤት ሲገቡ ቡፌ ላይ ከሲኒው ጎን የተደረደሩ ጠርሙሶች ታያላችሁ። የሚቀባቸው የለም። እናት እንግዳ ሲመጣ ክዳኑን ትከፍትና ታሸትታለች፤ «ልጄ የላከችው ነው» ትላለች፤ መልሳ ትከድነዋለች።

ለሽቶ ነጋዴው ልጅ «ዝባድስ አለህ?» ብለው «እሱ ደግሞ ምንድን ነው ጋሼ?» አለኝ። ቅር አላለኝም፤ ዝባድ ለደጋን ሳይሆን ለፓሪስ የሚሄድ ነገር ነው። ከፋና ጅማ ውስጥ ጥርኝን በጠባብ አጥር አስረው፣ ገንፎና ሥጋ እያበሉ፣ ከጭራዋ ሥር ያለውን ቅባት በየጊዜው እየፋቁ በበሬ ቀንድ ያጠራቅሙታል። ሀገራችን ለዓለም ገበያ በዚህ ነገር ቀዳሚ ሆና ኖራለች። ሩዚችካ የተባለው ኬሚስት የዝባዱን መዓዛ ምንነት እ.ኤ.አ. በ1926 ደረሰበት፤ በ1939 ኖቤል ተሸለመ። ሻኔል የተባለው የሽቶ ቤትም በታዋቂው ሽቶው ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1998 ወዲህ የጥርኝን ሳይሆን የላቦራቶሪውን እንደሚጨምር አሳውቋል። ጥርኟ እፎይ ትበል፤ እስራቱ ለእንስሳ የሚመኙት ኑሮ አልነበረም። ከነገሩ ሁሉ እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው። ጥርኝ በዱር ሳለች ያን ቅባት ግንድ ላይና ድንጋይ ላይ እየለቀለቀች ትሄዳለች። ለራሷ አይደለም፤ በዚያ ለሚያልፍ ሌላ ጥርኝ ነው። ሽቶ ለማን እንደሚቀባ እሷም አውቃለች።

ማታ በኮምቦልቻ በኩል ወደ ደሴ ወጣሁ። አልኮል ያለበት ሽቶ ገና ሲረጩት በኖ አየሩን ይሞላል። ቅባቱ ግን የገላን ሙቀት ይጠብቃል። በደጋን ፀሐይ እጄ ምጣድ ሆኖ ነበርና ዑዱ ከሱቅ እስከ ቡና ቤት ሰው አባሮብኛል። ሚኒባሱ ኮምቦልቻን ለቆ ሽቅብ ሲጠማዘዝ፣ ከ1,850 ሜትር ገደማ ወደ 2,500 ሲወጣ፣ ብርዱ ሲመጣና መስኮቱ ሲዘጋ ሽቶው እጄ ላይ ጥቅልል ብሎ ገባ። አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ ዳገቱ ሥር ፊቱን ወደ መስኮት አዙሮ ነበር፤ ደሴ ስንገባ ደግሞ «ወንድም፣ ይኼን ሽቶ ከየት አገኘኸው?» አለኝ። ያው ሽቶ ነው፣ ያው እጅ ነው።

ቤት ስደርስ ባለቤቴ ፍርዱን ጨረሰችው። ግራውን አሸተተች፤ «ልብስ ስታጥብ ነው የዋልከው?» አለች። ቀኙን አሸተተችና ዝም ብላ ጋቢውን አመጣች፤ ጠርዙ ላይ እጄን እንድጠርግበት ነው። ዑዱ ጋቢው ላይ ሰነበተ። ጎረቤት ቡና ስትጠራ እሱኑ ለብሳ ሄደችና ትዕዛዝ ይዛ ተመለሰች፤ አንዷ ዑድ፣ አንዷ ሰንደል፣ አንዷ ደግሞ ለልጇ ሠርግ ያንን ስኳራም ጽጌረዳ። አሁን ወደ ደጋን ስወርድ የምሄደው በዝርዝር ወረቀት ነው፤ ልጁም ሳልናገር ስሪንጁን ያዘጋጃል። ለእኔ ሚስኩን ይቀዳልኛል። እስከ ዛሬ አይሸተኝም፤ ሰው ጥሩ ነው ይለዋል።