የጎደሉን ሃያ ደቂቃዎች

አማርኛችን ለተሸናፊ ቸር ነው። ለቅሶ ቤት የሚባል ቃል እንዳለ ሁሉ፣ ከኳስ ሜዳ አንገቱን ደፍቶ ለሚመለስም የተዘጋጀ ቃል አለው፤ «ጥሩ ተጫውተን ተሸነፍን!» ይህቺን ዐረፍተ ነገር በዕድሜዬ ስንት ጊዜ እንደሰማኋት እንጃ። በሬዲዮ፣ በባጃጅ ውስጥ፣ በርጫ ላይ፣ ሻይ ቤት… ውሸት ናት አልልም፤ አንዳንዴ እውነት ናት። ጣጣዋ ሁልጊዜ መባሏ ነው። ጥር 2005 ዓ.ም. ደቡብ አፍሪካ ውስጥ በቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0 ስንረታም የሚላት ሰው አልጠፋም። በአንድ ጎል ስንረታም ትባላለች። ለሰርግም ለለቅሶም አንድ ኮት ብቻ ያለውን ሰው፣ ኮቱን አይቶ ወዴት እንደሚሄድ ማን ያውቃል?

እንዲህ የምለው ተሸናፊን ማጽናናት ስለምጠላ አይደለም። እንዲያውም ለጥቂት የተሸነፈ ቡድን ከአሸነፈው ይልቅ ይስበኛል። ግን ማጽናኛው በጣት የሚጠቆም ነገር ይኑረው ባይ ነኝ። ጳጉሜን 3 ቀን 2004 ዓ.ም. ኦምዱርማን ላይ በሱዳን 5 ለ 3 ስንሸነፍ፣ አምስት ጎል የገባበትን ቡድን ማን ይመካበታል? ዋልያዎቹ ግን ከሰው ሜዳ ሦስት ጎል በኪሳቸው ይዘው ነው የተመለሱት። ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ አዳነ ግርማና ሳላዲን ሰኢድ ሁለቱን ሲጨምሩበት ሒሳቡ 5 ለ 5 ሆነ፤ ከሜዳ ውጭ በገባ ጎል ከ31 ዓመት በኋላ አፍሪካ ዋንጫ ገባን። በጣት የሚጠቆም ማለት ይሄ ነው።

አሁን ወደ ሌላው ጥቅምት ልውሰዳችሁ። እሑድ፣ ጥቅምት 3 ቀን 2006 ዓ.ም.። ለብራዚሉ የዓለም ዋንጫ የመጨረሻው የደርሶ መልስ ማጣሪያ፣ የመጀመሪያው ጨዋታ፣ አዲስ አበባ ስታዲየም፣ ተጋጣሚያችን የወቅቱ የአፍሪካ ሻምፒዮን ናይጄሪያ። እኔ ድሬዳዋ ነኝ፤ ከዚራ፣ ከዛፎቹ ሥር፣ ቴሌቪዥኑን ወደ በረንዳ ያወጣ አንድ ቡና ቤት ደጃፍ። በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማልኛ የሚጮኽ ሰው መንገዱን ዘግቶታል። በኀምሳ ሰባተኛው ደቂቃ በኃይሉ አሰፋ አገባ። ድሬ ያን ቀን ምን እንደሆነች ለመግለጽ አልሞክርም። ከዐሥር ደቂቃ በኋላ ኢማኑኤል ኢሜኒኬ አቻ አደረገ። በዘጠናኛው ደቂቃ ደግሞ ፍጹም ቅጣት ምት፤ ራሱ ኢሜኒኬ። 2 ለ 1። ወንበሮቹ ቀስ ብለው ተነሡ፤ ያቺ ዐረፍተ ነገርም አብራ ተነሣች።

በዚያን ጊዜ ሥነ ጽሑፍ አስተምር ነበር። በማግስቱ ክፍል ስገባ ማንም ስለ ልቦለድ ሊሰማኝ የሚፈልግ አልነበረም። እኔም እልኸኛ አይደለሁም፤ «በሉ እንግዲህ፣ ስለ ትናንቱ ጨዋታ አንድ ገጽ ጻፉ፤ ግን ‘ጥሩ ተጫውተን’ የሚለውን ሐረግ የተጠቀመ ማርክ ይቀነስበታል» አልኳቸው። ተማሪዎቼ ምን ጻፉ? አብዛኛው ዳኛውን ከሰሰ። ጥቂቶቹ ዕድልን። አንዷ ልጅ ስለ አባቷ ዝምታ ጻፈች፤ ጎበዝ ጸሐፊ ነበረች። እኔን ያስቆመኝ ግን የኮሌጁ ቡድን የግራ ተመላላሽ የነበረ የድሬ ልጅ ወረቀት ነው። ፊደሉ ዶሮ የጫረው ይመስላል፤ ዐሳቡ ግን እንዲህ ነበር፦ ሦስቱም ጎሎች የገቡት ከዕረፍት በኋላ ነው። እስከ 57ኛው ደቂቃ ከአፍሪካ ሻምፒዮን ጋር እኩል ነበርን፤ ከዚያም ቀደምን። እስከ 67ኛውም መራን። የተሸነፍነው ከዚያ ወዲህ ባለው ጊዜ ነው። ስለዚህ ኳስ አላነሰንም፤ ያነሰን ሃያ ምናምን ደቂቃ ነው። ሃያ ደቂቃ ደግሞ፣ ይላል ልጁ፣ ተሠርቶ የሚገኝ ነገር ነው።

ሙሉ ማርክ ሰጠሁት። ካላባር ላይ በመልሱ 2 ለ 0 ተሸንፈን ብራዚል ስትቀርም ማርኩን አልቀነስኩበትም።

ልጁ ያላወቀው፣ እኔም ያን ዕለት ያልነገርኩት አንድ ታሪክ አለ፤ የድሬ ታሪክ ስለሆነ እዚህ ልጨምረው። በ1962 ዓ.ም. ሜክሲኮ ላይ ሞሮኮ ከምዕራብ ጀርመን ጋር በዓለም ዋንጫ ተገናኘች። ሞሮኮ ቀድማ አገባች፤ እየመራችም ለዕረፍት ወጣች። ከዕረፍት በኋላ ኡቬ ዜለር አቻ አደረገ፤ ጨዋታው ሊያልቅ ዐሥር ደቂቃ ገደማ ሲቀረው ጌርድ ሙለር ሁለተኛውን ጨመረ። 2 ለ 1! ቅደም ተከተሉ ራሱ የእኛው ነው፤ መምራት፣ አቻ፣ መጨረሻ ላይ መሸነፍ። ስድስት ዓመት ቆይቶ፣ በ1968 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የአፍሪካን ዋንጫ ስታዘጋጅ፣ አንደኛው ምድብ አዲስ አበባ፣ ሌላው እዚሁ ድሬዳዋ ተደለደለ። ናይጄሪያ፣ ዛየር፣ ሱዳን፣ ሞሮኮ። ሜክሲኮ ከነበሩት አንዱ፣ አሕመድ ፋራስ፣ አሁን አምበል ሆኖ መጣ። ዛየር ዋንጫውን ይዛ መጥታ አንድም ጨዋታ ሳታሸንፍ ከድሬ ሄደች። ሞሮኮ ግን ከዚህ አልፋ አዲስ አበባ ላይ ዋንጫውን ወሰደች።

እኔ ያኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ከግንቡ ውጭ ሆኜ ጩኸቱን ብቻ ነው የሰማሁት። የድሬ ሕዝብ ማንም ያግባ ማን ይጮኻል፤ ስለዚህ ከጩኸቱ ውጤት መለየት አይቻልም ነበር። ደስ የሚል ነገር ነው።

እንግዲህ ሞሮኮ በስድስት ዓመት ያቺን የአንድ ጎል ሽንፈት የት እንዳደረሰቻት አየን። የእኛዋ 2 ለ 1ስ የት ደረሰች? እዚህ ላይ አልረዝምም፤ ያማል። ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ዋልያዎቹ ግብፅን፣ ያቺን ግብፅን፣ 2 ለ 0 አሸነፉ። በሜዳችን ነው የተባለው። ሜዳችን የት ነበር? ማላዊ፣ ሊሎንግዌ! በወቅቱ እዚህ አገር ለዓለም አቀፍ ጨዋታ የተፈቀደ ስታዲየም ስላልነበረ። በ1968 የአህጉር ዋንጫ ምድብ በሙሉ ያስተናገደች ድሬ፣ የገዛ አገሯን ቡድን «የሜዳ ጨዋታ» በቴሌቪዥን ከማላዊ አየች። በዚያው በ2005 ማጣሪያ ደግሞ ቦትስዋናን ሜዳ ላይ 2 ለ 1 አሸንፈን፣ በሁለት ቢጫ ካርድ ማረፍ የነበረበት ተጫዋች በመሰለፉ ብቻ ነጥቡ ተወሰደብን። ልጆቹ ሜዳ ላይ ያተረፉትን ጽሕፈት ቤት ያከስራል። ከሻምፒዮን የለየን አንድ ጎል ነበረ፤ ከሜዳው ጀርባ ያለው ርቀት ግን በጎል አይለካም።

ወደ ግራ ተመላላሹ ልመለስ፤ እሱ ይሻላል። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ የኮሌጁ ቡድን ከሌላ ኮሌጅ ጋር ገጥሞ 2 ለ 1 ተሸነፈ። ሁለተኛዋ ጎል መጨረሻ ላይ ነው የገባችው፤ የእኛዎቹ እግራቸውን እየጎተቱ ነበር። ልጁ ምንም አላለም። ከሳምንት በኋላ ግን ጠዋት በዐሥራ አንድ ተኩል፣ የድሬ ፀሐይ ሳትቆጣ፣ ሰባት ስምንት ልጆች ደቻቱ አሸዋ ላይ ሲሮጡ አየሁ። ደቻቱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል ደረቅ አሸዋ ነው፤ በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ሌሊት ላይ ሞልቶ በመቶ የሚቆጠር ሰው የወሰደብን ደግሞ እሱው ነው። አሸዋ ላይ መሮጥ ቅጣት ነው። አሰልጣኝ የለም፣ ሰዓት ያዥ የለም። የሚቆጥርላቸው ሳምቡሳ ሊሸጥ የወጣ አንድ ትንሽ ልጅ ነበር።

መጋቢት ላይ ከዚያው ኮሌጅ ጋር እንደገና ተጋጠሙ። አሁንም ተሸነፉ። 1 ለ 0። ልብ በሉልኝ ግን፤ ጎሏ የገባችው ገና ከዕረፍት በፊት ነው። በመጨረሻው ሃያ ደቂቃ ኳሱ ከእነዚያ የጎል ክልል አልወጣም ነበር። በረኛቸው ሁለት ጊዜ «ጡንቻዬ ተሸማቀቀ» ብሎ ተኛ። ኳስ ወደ ውጭ እየጠለዙ፣ ጫማቸውን እያሰሩ፣ ሰዓት የሚገድሉት አሸናፊዎቹ ነበሩ። ዳኛው ሲነፋ ከእኛዎቹ መሬት ላይ የተቀመጠ አንድም አልነበረም።

ግራ ተመላላሹ አጥር አጥሩን እየሄደ መጣ። ድሬ «አንቱ» የሚባል ነገር አታውቅም፤ መምህርም ብትሆን ነፃ አይደለህም።

«ቲቸር፣ አየኸው?» አለኝ።

«ምኑን?»

«በረኛውን! ሁለቴ ተኛ’ኮ!»

ተሸንፎ እንዲህ የሚፈነድቅ ሰው አይቼ አላውቅም። ጎን ለጎን የቆመ አንድ ባልደረባዬ «አይዟችሁ፣ ጥሩ ተጫው…» ብሎ ሊጀምር ሲል ልጁ ሳይሰማው ወደ ጓደኞቹ ሮጠ።

በማግስቱ ጠዋት ደጋው ላይ ዘንቦ ስለነበር ደቻቱ ውስጥ መግባት አይቻልም። በአስፋልቱ ሮጡ።