ቃልም ገንዘብም የሆነው ዛጎል

ከቦስተን ከተማ ተነሥቶ ወደ ደቡብ አንድ ሰዓት ያህል በመኪና የተጓዘ ሰው ከሮድ አይላንድ ይደርሳል። ይህችም በስፋት ከአሜሪካ ግዛቶች ሁሉ ታናሺቱ ናት። መካከሏን ሠንጥቆ የገባው የባሕር ወሽመጥ ናራጋንሴት ሲባል፥ ስሙ በዳርቻው ከኖረው ጥንታዊ ሕዝብ የተወረሰ ነው።

በወሽመጡ ላይ አጥማጆች ከትንንሽ ጀልባዎች ሆነው እጀታው የረዘመ፥ ጥርሳም የብረት መጫሪያ ወደ ታች እየሰደዱ ኳሆግ የተባለውን ፍጥረት ከባሕሩ ወለል ያወጣሉ። ሁለት ጠንካራ ክዳኖች እንደ ሣጥን ገጥመው ሥጋውን ይጠብቁታል። ትንሹ በሎሚ ጥሬውን ይበላል፤ ትልቁ ግን ሥጋው ስለሚጠነክር ተከትፎ ሾርባ ይሠራበታል።

ከሥጋው ይልቅ የሚያስደንቀው የዛጎሉ ታሪክ ነው። የዛጎሉ ውስጥ ነጭ፥ ጠርዙ ሐምራዊ ነው። የአገሩ ሰዎች ሐምራዊውን ሰብረው፥ በድንጋይ ሞርደውና በስተው ትንሽ ዶቃ ያበጁለታል። ነጩን ዶቃ ደግሞ ከባሕር ቀንድ አውጣ ይሠሩታል። ዋምፐም የሚባለው ይህ ነው። ወደ ምዕራብ በዛሬዪቱ ኒው ዮርክ የሚኖሩት የሆዴኖሾኒ ሕዝቦች ዶቃውን እንደ መቀነት ይሸምኑታል። በእርሱ ሐዘንተኛን ያጽናናሉ፤ የእርቅና የውል ቃልም ያስሩበታል። ሽማግሌው መቀነቱን ይዞ የተባለውን ለጉባኤው ያስታውሳል።

ከአውሮፓ የመጡት ሰፋሪዎች ግን ሳንቲም አጥሯቸው ነበርና ዶቃውን ገንዘብ አደረጉት። በ1637 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) የማሳቹሴትስ ሸንጎ ለአነስተኛ ዕዳ መክፈያ እንዲሆን ደነገገ። ሐምራዊው የነጩን እጥፍ ያወጣ ነበር። ቆይቶ የብረት መብሻ ሥራውን አፋጠነው፤ ዶቃውም በዛ፤ የብር ሳንቲምም ተገኘ። ዋጋው ስለ ረከሰ በ1661 ሕጉ ተሻረ። ሆኖም ስዊድናዊው ሊቅ ሊኒየስ በ1758 ለኳሆግ የሳይንስ ስም ሲያወጣ፥ «ደመወዝ» ከሚለው የላቲን ቃል ወሰደለት።

የቃሉ መቀነት ግን እንደ ገንዘቡ አልተሻረም። ብዙዎቹ መቀነቶች በየቤተ መዘክሩ ተቀምጠው ሲኖሩ ባለቤቶቹ መጠየቃቸውን አልተዉም። በ1989 የኒው ዮርክ ግዛት ቤተ መዘክር 12ቱን ለኦኖንዳጋ ሕዝብ መለሰ። ኦኖንዳጋዎች ከሆዴኖሾኒ መካከል የመቀነቱ ጠባቂዎች ናቸው። ሸንጎ ያወጣው ገንዘብ 24 ዓመት ኖሮ አለፈ፤ በዶቃ የታሰረው ቃል ግን እነሆ ዛሬም በጉባኤ ይነገራል።