የቮልሷ መስታወት

የአባቴን ቮልስ ለማስነሳት ሁለት ዓመት ለፋሁ። ሞተሯ ወርዶ ታደሰ፣ ላሜራዋ ተቀጠቀጠ፣ ፍሬኗ ተቀየረ። ከሁሉም ይልቅ ያንገላታችኝ ግን ስንዝር እንኳ የማትሞላ ዕቃ ናት፤ ከሾፌሩ ግንባር ፊት ለፊት የተሰቀለችው የኋላ ማሳያ መስታወት።

"አትድከም፣ የጃፓን ልስጥህ" አለኝ ሱማሌ ተራ ያገኘሁት ዕቃ ሻጭ። "ማታ የኋላ መኪና መብራት ዓይንህን ሲወጋህ ይህችን ምላስ ጫን ታደርጋለህ፣ ይደበዝዝልሃል።" እውነቱን ነው። የእነሱ መስታወት ባንድ በኩል ወፍሮ በሌላው የሚሳሳ ሽብልቅ ነው። ምላሷ ስትነካ ብር የተቀባው ጀርባ መብራቱን ወደ ጣሪያ ይልከዋል፤ ለዓይን የሚተርፈው ከፊተኛው ገጽ የሚመለሰው 4 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ብልሃቱን ወደድኩት፣ ዕቃዋን ግን ተውኳት። ቮልስ ላይ ስትሰቀል ሕፃን ልጅ የአባቱን ባርኔጣ የደፋ ይመስላል።

የእኛዋ የሞተችው ከዳር ጀምራ ነው። ጀርመናዊው ኬሚስት ዩስቱስ ፎን ሊቢግ እ.ኤ.አ. በ1835 ብርጭቆን ብር የመቀባት ዘዴ ካገኘ ወዲህ የመስታወት ነገር ብዙም አልተለወጠም፤ ከኋላው ስስ ብር አለ፣ ብሩን የሚከልል ቀለም አለ። ቀለሙ ከዳር ሲላጥ እርጥበት ሾልኮ ይገባና ብሩን ያጠቁረዋል። አባቴ ደግሞ እሑድ እሑድ በእርጥብ ጨርቅ ሲወለውላት ነው የኖረው። በእንክብካቤ ገደላት ማለት ነው።

ጠርዟን በሙቅ ውሃ አለስልሼ መስታወቱን አወጣሁ። የክሮሙን ዝገት በእርጥብ ፎይል ሳሸው ለቀቀ፤ አሉሚኒየም ከክሮም ስለሚለሰልስ አይጭረውም። መስታወት ቤቱ መጀመሪያ የቆረጠልኝ ወፍራም ሆኖ ጠርዟ ውስጥ አልገባ አለ። ሁለተኛው ልክ ሆነ።

ስወለውል የእሽቅድምድም ነጂው የሬይ ሃሩን ታሪክ ትዝ አለኝ። እ.ኤ.አ. በ1911 በመጀመሪያው የኢንዲያናፖሊስ 500 ውድድር ሌሎቹ ጎናቸው መካኒክ ጭነው ሲነዱ፣ ከኋላ ማን እንደመጣ የሚነግራቸው መካኒኩ ነበር። ሃሩን ብቻውን ገባ። ተቀናቃኞቹ አደጋ ነው ብለው ሲጮኹ መስታወት ሰቀለና አሸነፈ። በኋላ እንደተናገረው ግን መንገዱ ጡብ ስለነበር መስታወቷ እየተንቀጠቀጠች ምንም አላሳየችውም። በረዳት ምትክ የመጣች ዕቃ መሆኗ ነው እንግዲህ። የእኛ ሚኒባስ ታክሲዎች ግን እስከ ዛሬ ሁለቱንም ይዘው ይሄዳሉ፤ መስታወትም፣ ረዳትም።

እኔ እንደሚመስለኝ ይህች መስታወት ከመኪናው ኋላ ያለውን ለማየት ተሠራች እንጂ ዋና ሥራዋ ሌላ ነው። ፋብሪካው የቮልስን የኋላ መስኮት እስከ እ.ኤ.አ. 1953 ለሁለት የተከፈለ፣ እስከ 1957 ደግሞ ሞላላ አድርጎ ነበር የሚሠራው። የእኛዋ የ1965 ሞዴል ስለሆነች ሰፋ ይላል፤ ቢሆንም አራት ልጅ ከኋላ ሲደረደር መንገዱ የት ይታያል? የሚታየው እኛ ነን። ስንጣላ አባቴ ዞሮ አያውቅም። ቀና ይላል፣ ዓይኑ በመስታወቷ ውስጥ ዓይናችንን ያገኛል፣ በቃ፤ እስክንደርስ ድረስ ትንፋሽ የለም።

መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ጃንሆይ ከቤተ መንግሥት በቮልስ የኋላ ወንበር ተጭነው ሲወሰዱ፣ ሾፌሩ ፊትም መስታወት ነበረች። ቀና ብሎ አይቷቸው ይሆን? ወይስ ዓይኑን አስፋልቱ ላይ ተክሎ ነዳ? ይህን ባሰብኩ ቁጥር የማዝነው ለማን እንደሆነ ይጠፋኛል።

የመጨረሻው ችግር መውደቋ ነበር። መስታወቷን ከዘንጓ የሚያገናኘው ኳስ መሳይ መጋጠሚያ ተበልቶ ስለላላ ባስተካከልኳት ቁጥር አንገቷን ትደፋለች። የሚገርመው፣ የተበላው ባንድ ጎኑ ብቻ ነው፤ ወደ ጋቢናው በኩል። ትንሽ ቆይቼ ነው የገባኝ። እናቴ! ከቤት ስንወጣም፣ ስንደርስም መስታወቷን ወደ ራሷ ጠምዝዛ ነጠላዋን ታስተካክል ነበር። አባቴ "ደግሞ አጣመምሽብኝ?" ይላል። እሷም "አንተ ኋላህን እይ፣ እኔ ፊቴን ልይ" ትለዋለች። ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣ በየቀኑ።

ከኳሷ ሥር ቀጭን የቆዳ ቁራጭ አስገብቼ አጠበቅኳት። አሁን ኮረኮንች ላይም ንቅንቅ አትልም።

ባለፈው እሑድ እናቴን ቤተ ክርስቲያን ላደርሳት ጋቢና አስገባኋት። ስለ ቀለሙም፣ ስለ ወንበሩም አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። በሩን እንደዘጋሁት እጇን ዘረጋችና መስታወቷን ያዘች። ጠመዘዘች፣ እምቢ አለቻት። እንደገና ሞከረች።

"ምነው ልጄ፣ ምን አድርገሃት ነው?"

ማታ ቤት ስንመለስ ካቻቢቴ ይዤ ወረድኩና ቆዳዋን አወጣኋት።