የአያቱ ድጓ በወገዳ

የስማዳ ምድር በደቡብ እስከ ዓባይ፣ በምሥራቅ እስከ በሽሎ ይወርዳል። የወረዳው ከተማ ወገዳ ነው። ልጄን ይዤ የሄድኩት፣ አጎቴ ዘንድ የሚገኘውን የአባቴን ድጓ ፎቶ አንስተን በኮምፒውተር ልንጽፈው ነበር።

አባቴ የተማሩት እዚያው አጠገብ፣ ጋይንት ቤተ ልሔም፣ በድጓ ምስክር ቤት ነው። የዚያን ጊዜ የድጓ ተማሪ መጽሐፉን ራሱ ይጽፋል። ቆዳውን ወጥሮ ይፍቃል፣ በወስፌ ያሰምራል፣ ከጥላሸት ቀለም ይበጠብጣል፣ መቃ ይቀርጻል። ከፊደሉ በላይ ደግሞ የዜማውን ምልክት ይጥላል፦ ይዘት፣ ደረት፣ ድፋት፣ ጭረት፣ ቅናት፣ ርክርክ፣ ሒደት፣ ቁርጥ። ድምፁ የት እንደሚነሣና የት እንደሚወድቅ የሚነግሩት እነዚህ ናቸው።

ልጄ ላፕቶፑን ከፈተ። «አባባ፣ ምልክቶቹ እኮ እዚህም አሉ!» እውነቱን ነው። ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም የፊደላት መዝገብ ውስጥ የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999፣ የዜማ ምልክቶቹ በ2005 ገብተዋል።

አጎቴ ይቆጣሉ ብዬ ፈርቼ ነበር። «እሰይ! እንግዲህ አይጥም እሳትም አያገኘውም» አሉ። ቀጥለው መቃና ቀለም አቀረቡ። «በል፣ ይቺን አንድ መስመር ጻፍ።»

የመጀመሪያው በቀለም ተጨማለቀ። በሁለተኛው አንድ ምልክት ዘለለ። አጎቴ በየጊዜው መስመሩን በዜማ ይሉለታል። ሦስተኛውን ሲጽፍ ልጄ ሳያውቀው አብሮ ያዜም ነበር።

«አያትህም ይሳሳት ነበር» አሉና አንድ ቅጠል ገለጡ። ብራናው በካራ ተፍቆ ሳስቷል፤ ከላዩ እንደገና ተጽፏል። ልጄ ቦታውን በጣቱ ዳሰሰው። አያቱን በአካል አያውቃቸውም።

«አባትሽ የጻፈው መጽሐፍ ለማግኘት ብቻ አይደለም» አሉኝ አጎቴ። «ሲጽፍ ነው የተማረው።»

ማታ ልጄ አንድ ሙሉ ገጽ በኮምፒውተር ጻፈ። ጠዋት ምን እንደሚል ብጠይቀው አንድም ቃል አላስታወሰም። ያቺን በመቃ ሦስት ጊዜ የጻፋትን መስመር ግን እስከ ደብረ ታቦር ድረስ አውቶቡስ ውስጥ ሲያዜማት መጣ።

ድጓውን በኮምፒውተር መጻፋችንን አላቆምንም፤ መጽሐፉን ከጥፋት ይጠብቅልናል። ቤታችን ግን አዲስ ደንብ አለ፦ በቃል የሚያዝ ትምህርት ሁሉ መጀመሪያ በእጅ ይጻፋል። ልጄ ያጉረመርማል፤ የአጎቴን መቃ ግን ከጠረጴዛው ላይ አያነሣትም።