የለንደን ቦይለርና የአርዲቦ ጎጆ

ለንደን፣ ታኅሣሥ

እዚህ አገር አብዛኛው ቤት የሚሞቀው በጋዝ ቦይለር ነው። እሳቱ ውሃ ያሞቃል፤ ውሃው በቧንቧ እየዞረ በየክፍሉ ያሉትን ራዲያተሮች ያግላል። በዚህ ብርድ ያስጠጋችኝ፣ እታለም እያልኩ የምጠራት የሐይቅ ከተማ ልጅ፣ ቤቱን ስትገዛ አብሮ የመጣላት ቦይለር ወጥ ቤቱ ጥግ የቆመ፣ ቀለሙ የወየበ አሮጌ ነው። ወጥ ቤቱን እያሳደሰች ስለሆነ አናጢው «እሱንም በቁም ሳጥን እንሸፍነውና በር እንግጠምለት» አላት። ሐሳቡን ወደደችው። እንግዳ የሚቀበል ቤት እንዲያምር መፈለጓ አይገርመኝም፤ የወሎ ሰው ናት።

እኔ ግን እሳት ሲዘጋበት ያስፈራኛል። ያደግሁት አርዲቦ ሐይቅ ዳር ነው። አርዲቦ ከታች ካለው ከሐይቅ ይልቅ ከፍ ብሎ፣ ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ የተቀመጠ ነው፤ ትርፍ ውሃው ቁልቁል ወርዶ ሐይቅ ይገባል። በዚህ ወር እዚያም ሌሊቱ አጥንት ይሰረስራል፤ በብርድ ሌሊት ከሰል ቤት አስገብቶ በር መዝጋት ምን እንደሚያመጣ ያገሬ ሰው ያውቀዋል።

«እታለም፣ ባለሙያ ሳያየው ሳንቃ አይመታበት» አልኳት።

«አብሽር፣ ይጠራል» አለችኝ።

በብሪታንያ የጋዝ መሣሪያ ለመግጠም ወይም ለመጠገን ጋዝ ሴፍ በሚባለው መዝገብ መስፈር ግዴታ ነው፤ መዝገቡ ይህን ስም ይዞ ሥራ የጀመረው በሚያዝያ 2009 እ.ኤ.አ. ነው። ባለሙያው መታወቂያውን አሳይቶ ገባ። ስለ ቁም ሳጥኑ ከመናገሩ በፊት እሳቱ አየር ከየት እንደሚያገኝ መረመረ። ነገሩ ሁሉ እዚህ ላይ ነው። አዲሶቹ ቦይለሮች ሣጥናቸው የታሸገ ነው፤ አየር ከውጭ ስበው ጭሱንም ወደ ውጭ ይተፋሉ፤ ከክፍሉ አየር ጋር አይገናኙም። የእታለም ዓይነቱ አሮጌ ግን የሚተነፍሰው ከወጥ ቤቱ ነው። ጭሱ በጢስ መውጫው የሚወጣው በራሱ ሙቀት ብቻ ነው። አየር ካጠረው ጋዙ በቅጡ አይነድም፤ ያኔ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይፈጠራል። ጢስ መውጫው ካልሳበው ደግሞ መርዙ ወደ ቤት ይመለሳል።

ይህ ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም። ከደማችን ሄሞግሎቢን ጋር የሚጣበቀው ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በበረታ ኃይል ነው። ራስ ያማል፣ ያቅለሸልሻል፣ ያደክማል፤ ሰውየው ጉንፋን የያዘው መስሎት ይተኛል። የሚገድለውም ብዙ ጊዜ በእንቅልፍ ነው።

ታዲያ አሮጌውን መሸፈን ፈጽሞ አይቻልም ማለት ነው? ይቻላል፤ መስፈርቱ ግን ጥብቅ ነው። ቁም ሳጥኑ አየሩን ከክፍሉ የሚያገኝ ከሆነ ለእያንዳንዱ የቦይለሩ ኪሎዋት ከታች 20፣ ከላይ 10 ካሬ ሳንቲ ሜትር ክፍት ቀዳዳ ይፈልጋል። ባለ 20 ኪሎዋት ከሆነ ከታች 400፣ ከላይ 200 መሆኑ ነው፤ የታችኛው ብቻ ጎንና ቁመቱ 20 ሳንቲ ሜትር የሆነ መስኮት ያህላል። ክፍሉ ራሱ ደግሞ ከውጭ አየር የሚያስገባ ሌላ ቀዳዳ ያስፈልገዋል። እንጨቱም ከቦይለሩ መራቅ አለበት፤ ለጥገና እጅ የሚያስገባ ቦታም መኖር አለበት። ሌላም አለ። በአሮጌ ቦይለር የማሸጊያ ገመድና የጢስ መውጫ ቱቦ ላይ አስቤስቶስ ሊገኝ ይችላል። ብሪታንያ አስቤስቶስን ጨርሳ የከለከለችው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ስለዚህ ቦይለሩ ሳይመረመር አናጢ መሰርሰሪያ ሊያስጠጋበት አይገባም።

ከዚያ ፍተሻው መጣ። በርና መስኮት ሁሉ ተዘጋ። ቦይለሩ ነደደ። ከምድጃው በላይ ያለው የጭስ መሳቢያ ማራገቢያም በኃይል ተለቀቀ። ባለሙያው ጭስ የምታወጣ ክብሪት ለኩሶ ወደ ጢስ መውጫው አፍ አስጠጋት። ጭሱ ወደ ላይ መሳብ ሲገባው ተመልሶ ወደ ፊታችን መጣ። ማራገቢያው የወጥ ቤቱን አየር ሲጠባ፣ የቦይለሩን ጭስም ከጢስ መውጫው ወደ ታች እየሳበ ነበር። ቁም ሳጥኑ ገና አልተሠራም፤ ቤቱ ቀድሞውኑ አደገኛ ነበር። ሰውየው እታለምን አስፈቅዶ ጋዙን ዘጋ፣ ማስጠንቀቂያ ለጠፈ። አሁን በታሸገ ሣጥን የሚሠራ አዲስ ሊገባ ነው። እሱን በቁም ሳጥን መሸፈን ይቻላል፤ የአምራቹ መመሪያ የሚጠይቀው ክፍተት ይጠበቅለት እንጂ።

እኔ በዚያች የክብሪት ጭስ አገሬን አየሁ። የአባቶቻችን ጎጆ የሣር ክዳን ነበረው፤ ጭሱ ዓይን ቢያቃጥልም፣ ሳንባ ቢጎዳም፣ በሣሩ መካከል መውጫ አያጣም ነበር። ዛሬ ደሴም ሐይቅም ቤቱ ቆርቆሮ ለበሰ፣ ግድግዳው በሲሚንቶ ተለሰነ፣ ኮርኒስ ተመታ፣ መስኮቱ መስታወት ሆነ። ይህ እድገት ነው፤ ደስ ይለኛል። ቡና የምናፈላበት ከሰል ግን አልተለወጠም። በረካው ተጠጥቶ ሲያበቃ ፍሙ ያሞቀናል ተብሎ እዚያው ያድራል። ብዙ ሰው ከሰል ጨሶ ሲያበቃና ሲቀላ ደኅና ሆነ ይላል። ትክክል አይደለም። ፍም ሳይጨስም ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል፤ እንዲያውም ጭስ አለመኖሩ ነው የሚያዘናጋው። አዲስ አበባ ውስጥ በየክረምቱና በየበዓሉ ቤተሰብ በከሰል ታፍኖ ተገኘ የሚል ዜና ስንሰማ ኖረናል። የለንደኑ ቦይለርም የደሴው ከሰልም የሚገድሉት በአንድ መንገድ ነው፤ ልዩነቱ እዚህ የሚፈትሽ ባለሙያና የሚያስገድድ ሕግ መኖሩ ነው። በእንግሊዝ ከጥቅምት 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቤት አከራይ ቋሚ የጋዝ ማሞቂያ ባለበት ክፍል የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ እንዲያስቀምጥ ሕጉ ያዝዛል። ለአገሬ ከተሞችም ይህን እመኛለሁ፤ ቢያንስ የቤት ንድፍ ሲጸድቅ የአየር ማስገቢያ ይጠየቅ።

በባዕድ አገር አሮጌ ቤት የምትከራዩም የምትገዙም ወገኖቼ፣ ቦይለራችሁን ከመሸፈናችሁ በፊት የተመዘገበ ባለሙያ አሳዩት፤ ማንቂያም ግዙ፤ ራስ ምታቱ ከቤት ስትወጡ የሚለቃችሁ ከሆነ ጋዙን ዘግታችሁ ውጡ። አገር ቤት ያላችሁ ደግሞ፣ እባካችሁ፣ ዛሬ ማታ ከመተኛታችሁ በፊት ከሰሉን ደጅ አውጡት።