ገቢው ዘግይቶ፣ ዕዳው ቀድሞ፦ የፖለቲካል ሳይንስ ዲግሪና የአሜሪካ የተማሪ ብድር

በአሜሪካ ፖለቲካል ሳይንስ ማጥናት ያዋጣል ወይስ አያዋጣም ለሚለው ጥያቄ መልሱን የሚወስነው ከትምህርቱ ይልቅ የብድሩ መጠን ነው። ሙያው ጥሩ ገንዘብ የሚያስገኘው ዘግይቶ ሲሆን ዕዳው የሚጠየቀው ቀድሞ ነው። ሊመዘን የሚገባውም ተመራቂው በሁለቱ መካከል ያሉትን ዓመታት በምን አቅም ያልፋቸዋል የሚለው ነው።

ስለ ገቢው ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ቁጥር ተስፋ ይሰጣል። የአሜሪካ የሥራ ስታቲስቲክስ ቢሮ የ2023 (እ.ኤ.አ.) መረጃ የአንድ ፖለቲካል ሳይንቲስት መካከለኛ የዓመት ደመወዝ 132,350 ዶላር እንደነበር ያሳያል። ይሁን እንጂ በዚህ መጠሪያ ያለው የሥራ መደብ በመላ አገሪቱ ወደ 6,500 ብቻ ነው፤ ለመቀጠርም በአብዛኛው ማስተርስ ወይም ዶክትሬት ይጠይቃል። በአንጻሩ በዚሁ ትምህርት የመጀመሪያ ዲግሪ የሚይዙት በየዓመቱ ከ30,000 ይበልጣሉ። ያ ደመወዝ የጥቂቶች እንጂ የተመራቂው ሁሉ አይደለም።

የቀሩት ሥራ የሚጀምሩት በምክር ቤት አባላት ቢሮ፣ በከተማ አስተዳደር፣ በምርጫ ዘመቻ፣ በግብረ ሰናይ ድርጅት፣ አለዚያም ከትምህርታቸው ጋር በቀጥታ በማይገናኝ የሽያጭና የቢሮ ሥራ ነው። ለመነሻ ደመወዝ አንድ የታወቀ መለኪያ አለ። በ2022 የተወካዮች ምክር ቤት አፈ ጉባኤ የነበሩት ናንሲ ፔሎሲ፣ የምክር ቤቱ ሠራተኞች ዝቅተኛ የዓመት ደመወዝ ከመስከረም ጀምሮ 45,000 ዶላር እንዲሆን ወስነዋል። ከዚያ በፊት ከዚህ ባነሰ ክፍያ የሚሠሩ ወጣቶች ነበሩ። ደመወዙ በልምድና በተጨማሪ ዲግሪ ያድጋል፤ እንደ ምሕንድስና ገና ከጅምሩ ከፍ ብሎ ግን አይነሳም።

ወደ ዕዳው ስንመጣ፣ በወላጆቹ ሥር ያለ ተማሪ ከፌደራል መንግሥት በስሙ መበደር የሚችለው በመጀመሪያው ዓመት 5,500፣ በሁለተኛው 6,500፣ በሦስተኛውና በአራተኛው ደግሞ 7,500 ዶላር ነው፤ በአራት ዓመት 27,000 ይሆናል። ይህ ገንዘብ በ2024–25 የትምህርት ዘመን በነበረው 6.53 በመቶ ወለድ በአሥር ዓመት ይከፈል ቢባል በየወሩ 307 ዶላር ገደማ ይወጣል፤ ወለዱ ብቻ 10,000 ዶላር ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። 45,000 ዶላር ለሚያገኝ ሰው ይህ ግብር ሳይቀነስ የደመወዙ 8 በመቶ ያህል ነው። ከባድ ነው፤ ግን ይቻላል። ዕዳው 80,000 ከሆነ በዚያው ወለድ ወርሃዊ ክፍያው 910 ዶላር ደርሶ የደመወዙን ሩብ ሊበላ ይቃረባል። ሁለቱ ተመራቂዎች የያዙት ዲግሪ አንድ ነው፤ የሚኖሩት ኑሮ ግን ለየቅል ነው።

በኢትዮጵያ የወጪ መጋራትን የሚያውቅ ቤተሰብ አንድ ልዩነት ልብ ሊል ይገባል። ወጪ መጋራት የሚታሰበው ተመራቂው ሥራ ይዞ ከሚያገኘው ደመወዝ ላይ ነው። የአሜሪካው መደበኛ አከፋፈል ግን ሥራ ተገኘም አልተገኘም ትምህርቱ ካበቃ ከስድስት ወር በኋላ ይጀምራል። ተበዳሪው በፍርድ ቤት ኪሳራ ቢያውጅ እንኳ ዕዳው በቀላሉ አይሰረዝለትም። በገቢ ልክ የሚከፈልባቸው አማራጮች አሉ፤ ወርሃዊው ክፍያ ባነሰ ቁጥር ግን ዘመኑ ይረዝማል። በ2025 የወጣው ሕግ ባመጣው አዲስ አከፋፈል ቀሪው ዕዳ የሚሰረዘው ከ30 ዓመት ክፍያ በኋላ ነው።

የከፋው አደጋ ያለው ተማሪው በስሙ ከሚበደረው ውጭ ነው። ፕለስ የሚባለው የወላጆች ብድር በ2024–25 ወለዱ 9.08 በመቶ ነበር። ባለዕዳውም ልጁ ሳይሆን ወላጁ ነው፤ ልጁ ተመርቆ ሥራ ቢይዝ እንኳ ዕዳው በሕግ ወደ እርሱ አይዞርም። ከግል ባንክ ሲበደሩም አብሮ የፈረመው ዋስ እኩል ተጠያቂ ነው። ለልጁ ብሎ የፈረመ ወላጅ ጡረታ በሚወጣበት ዕድሜ ክፍያ ላይ ሊገኝ ይችላል።

ሁለት መንገዶች ሚዛኑን ይለውጡታል። አንደኛው በ2007 በወጣ ሕግ የተጀመረው የሕዝብ አገልግሎት የብድር ስረዛ ነው። ለመንግሥት ወይም ብቁ ለሆነ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት በሙሉ ሰዓት እየሠራ 120 ወርሃዊ ክፍያ የፈጸመ ሰው የቀረው የፌደራል ዕዳ ይሰረዝለታል። የፖለቲካል ሳይንስ ተመራቂ ብዙ ጊዜ የሚቀጠረው እዚያው በመሆኑ ዕድሉ የተለየ ነው። ነገር ግን በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከቀረቡት ማመልከቻዎች አብዛኞቹ በብድር ዓይነትና በወረቀት ጉድለት ውድቅ ሆነዋል፤ ማስረጃን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ መያዝ ግድ ነው። ሁለተኛው የሕግ ትምህርት ነው። የአዳዲስ ጠበቆች ደመወዝ ግን በሁለት ጎራ የተከፈለ ነው፦ በትልልቅ ድርጅቶች ከ200,000 ዶላር በላይ የሚጀምሩ ጥቂቶች አሉ፤ ብዙዎቹ የሚጀምሩት ከዚያ እጅግ ባነሰ ነው። በመጀመሪያው ዲግሪ ዕዳ ላይ የሦስት ዓመት ዕዳ የሚደርብ ሰው በየትኛው ጎራ እንደሚያርፍ ቀድሞ አያውቅም።

በዋሽንግተን ዙሪያ፣ በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ ለሚኖሩ ሐበሻ ቤተሰቦች ግን ከሌሎች የተሻለ ዕድል አለ። የዚህ ሙያ ገበያ ማዕከል ከተማቸው ነው። ከሌላ ግዛት የሚመጣ ወጣት ኪራይ እየከፈለ የሚሠራውን የልምምድ ሥራ የእነርሱ ልጅ ከቤቱ እየተመላለሰ ሊሠራው ይችላል። ከሞንትጎመሪ ኮሌጅ ወደ ሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ፣ ከሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚውኒቲ ኮሌጅ ወደ ጆርጅ ሜሰን የሚዘዋወር ተማሪም የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት በአነስተኛ ክፍያ ጨርሶ ያንኑ የዩኒቨርሲቲ ዲግሪ ይይዛል።

ከመፈረም በፊት ኮሌጅ ስኮርካርድ የተባለውን የመንግሥት መረጃ ማየት ይጠቅማል፤ የአንድን ትምህርት ቤት የፖለቲካል ሳይንስ ተመራቂዎች ገቢና ዕዳ ጎን ለጎን ያሳያል። የገቢው መረጃ የሚመለከተው የፌደራል እርዳታ ወይም ብድር የወሰዱትን ብቻ መሆኑን መርሳት ግን አይገባም።

በጥቅሉ፣ አጠቃላይ ዕዳው ከመጀመሪያው ዓመት ደመወዝ መብለጥ የለበትም የሚለው የተለመደ ምክር ለዚህ ትምህርት ይበልጥ መጥበቅ አለበት። ተማሪው በስሙ ሊበደር የሚችለው 27,000 ዶላር ጥሩ ጣሪያ ነው። ያንን አልፎ የወላጅ ፊርማና የባንክ ብድር የሚያስፈልግ ከሆነ፣ መቀየር ያለበት ልጁ የወደደው ትምህርት ሳይሆን ትምህርት ቤቱ ነው።